ከጫፉ ወዲህ

ጋሼ ብርሃነ መስቀል የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት በገዛ እጃቸው አንድ ኦሪንግ የሚባለውን ዓሣ ከባሕር ማውጣት። ሳንባቸው እንደማይድን ሐኪሙ የነገራቸው በፈረንጆቹ 1996 የካቲት ላይ ነው። ያንኑ ዕለት ደውለው "ሞገስ፣ ባሕሩ ላይ ያለው በረዶ መቼ ነው የሚለቀው?" አሉኝ። ስለ ሳንባቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። በኋላ የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ሸዋሉል ናቸው።

ጋሼ በስልሳዎቹ ስለ ደን ሊማሩ ስዊድን መጥተው እዚሁ ቀሩ። ሠላሳ ዓመት የስዊድንን ዛፍ ሲያጠኑ ኖረው፣ ቬሊንግቢ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ግን አንድ የአበባ ተክል እንኳ አልነበረም። "ዛፍ በቃኝ" ይላሉ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ስብከቱን ወደ ስዊድንኛ የሚተረጉሙት እሳቸው ነበሩ። ሰባኪው ሲያስረዝመው እሳቸው ያሳጥሩታል፤ ልጆቻችን ለዚህ ይወዷቸው ነበር።

በሚያዝያ ወር አራት ቅዳሜዎች በአሮጌዋ ቮልቮዬ ወደ ቶሮ ወሰድኳቸው። ቶሮ ከምንኖርበት ከተማ በስተደቡብ ያለ ባሕር ዳር ነው። አሸዋ የለውም፤ እንደ ድንች የተድበለበለ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ማዕበሉም ያለ ከልካይ ይመጣል። ኦሪንግ የማጥመድ ሕግ ቀላል ነው። ሃያ ደቂቃ መንጠቆህን ወርውረህ ምንም ካልነካህ ትነሣለህ፤ ማዕበል ተሰብሮ ውሃው ነጭ የሆነበትን እየፈለግህ ትሄዳለህ። ይህን ለጀማሪ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ እኔው!

ከጋሼ ጋር ግን መኪናው አጠገብ፣ ውሃው የረጋበት ቦታ ቆምን። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወዲያ ማዕበሉ የሚሰበርበት ጫፍ ይታያል። እንሂድ ልላቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ይሉኝታ ይዟቸው እሺ ቢሉና ድንጋዩ ላይ ቢወድቁስ? እንደ በሽተኛ ቆጠረኝ ብለው ቢያዝኑስ? ስለዚህ ሁልጊዜ ጓዜን እዚያው አራግፋለሁ።

"እዚህ ይሻላል አይደል ጋሼ?"

"አንተ ካልክ ይሻላል" ይሉና ይወረውራሉ። አራቱንም ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

በመካከሉ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ቀርቼ ብቻዬን ጫፉ ላይ ሄድኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ያዝኩ። ፋርስታ ሰፈር ላለችው እህቴ ሰጠኋት። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ግንቦት ሲገባ ሆስፒታል ተኙ። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ አፍንጫቸው ላይ ያለውን የኦክስጅን ቱቦ አስተካከሉና፣

"ያ ጫፍ ዓሣ ያለው ይመስልሃል?" አሉኝ።

"ምነው ጋሼ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኔ እዚያ ነበር። ጓዝህን ስታራግፍ ቦታውን የወደድከው መስሎኝ ዝም አልኩ። መኪናው ያንተ፣ ጊዜው ያንተ፤ ደግሞ እዚያ ውሰደኝ ብዬ ላስቸግርህ?"

አላውቅም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን በይሉኝታ የበደልኳቸው ይበቃል አልኩ።

"አለው ጋሼ። ብቻዬን ሄጄ ሁለት ይዣለሁ።"

"እኔን ሳትወስደኝ?"

"ድንጋዩ ያንሸራትታል። እንዳይወድቁብኝ ፈርቼ ነው።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ብወድቅስ ሞገስ?" አሉኝ። "ብወድቅስ ምን እሆን ነበር?"