በለገሀር ሰሌዳ ላይ ያልጻፍኩት ወሬ

ጣልያን ከአገራችን ከተባረረ ሁለት ዓመት ግድም ሆኖት፣ ዓለም ግን ገና በየአቅጣጫው ይዋጋ በነበረበት ጊዜ፣ ድሬዳዋ ለገሀር ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። በየጠዋቱ እንግሊዙ ሹም ከራዲዮ የተቀዳውን የጦር ወሬ ይሰጠኛል፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ በባቡር መጠገኛው በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ እጽፈዋለሁ። ሠራተኛው ሲገባ ቆሞ ያነባል፤ ያልተማረው ያስነብባል። አንድ ቀን ሩሲያ ከተማ አስመለሰች፣ በማግስቱ በሩቅ ምሥራቅ መርከብ ሰጠመ፣ ደግሞ ሲሲሊ ተያዘች። የጣልያንን ሽንፈት ግን ለይቼ በትልልቁ ነበር የምጽፈው። አባቴን በወረራው ጊዜ ከቤት ወስደውት አልተመለሰም።

የሚተካው ሰው ስላልተገኘ እዚያው የቀረ አንድ ጣልያን መካኒክ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሰው ኋላ ቆሞ በተሰባበረ አማርኛ ዛሬ ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል። አገሩ ሚላኖ ከተማ ውስጥ እናትና እህት እንዳሉት የነገረኝ ወዳጁ የሆነ አንድ ሶማሌ ባቡር ነጂ ነው።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ወረቀቱ ሚላኖ በአውሮፕላን መደብደቧን፣ ብዙ ሰው ማለቁን ይዞ መጣ። ሌላውን ሁሉ ጽፌ እሱን ተውኩት። ለጣልያኑ አዝኜ አይደለም። ምንም ሳያውቅ እየሳቀ ሲሠራ ማየት ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ነጂው ወሬውን መጋላ ገበያ ከአንድ ሱቅ ራዲዮ ሰምቶ ቢሮዬ ገባና በሩን ዘጋ። ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነበር።

«አቦ፣ ጠላትህ ነው፤ ይሁን። መርዶ ግን አይደበቅም» አለኝ። ከዚያ ራሱ ሄዶ ነገረው።

ከሰዓት በኋላ ጣልያኑ እጁ ግራሶ እንደነካ መጣ። ታውቅ ነበር ወይ አለኝ። አውቅ ነበር አልኩት። የአባቴን ነገር በሥራ ቤቱ ያልሰማ አልነበረም።

«አባትህን እኔ አልገደልኩም» አለ።

«እናትህንም እኔ አልገደልኩም።»

እግሬ ሥር ተፍቶ ወጣ። እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ብዙም ሳይቆይ አገሩ እጇን ሰጠች፤ ቀጥሎም በጀርመን ላይ ዞረች። ሠራተኞቹ እንግዲህ የኛ ወገን ሆነ ማለት ነው እያሉ ሲስቁበት እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ከወራት በኋላ ደብዳቤ ደረሰው፤ እናቱ ተርፋ የሞተችው እህቱ ነበረች። እግዜር ያጥናህ ልለው ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለቴም ከመንገድ ተመለስኩ። ጦርነቱ ሲያበቃ በጅቡቲ በኩል አገሩ ገባ።