ማዕድ ላይ የሄደው አውድማችን

ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ በቀር በሕይወቴ ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋብኛል። የትናንቱ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ስላለኝ እስክሪብቶ አነሣሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ምግብ ቤት አለን። ትናንት የፕላን ባለሙያዎች ካርታ ይዘው ሰፈራችን መጡ። ከባድ መኪና የከተማውን መሐል እንዳያጨናንቅ በእኛ ቤቶች በኩል መንገድ ሊያወጡ አስበዋል። ጎረቤቴ እትዬ ትሁን ቤቷ አስገብታ ምሳ አቀረበችላቸው። እየበሉ ሳለ፣ "ታዲያ ምን ትላላችሁ?" ብለው ጠየቁ።

"እንግዲህ እናንተ ያላችሁት ይሁን፤ እኛ ምን እናውቃለን" አለች እትዬ ትሁን።

እኔም እዚያው እያስተናገድኩ ነበር። አባቴም ያኔ ያለው ይህንኑ ነበር።

ትምህርት ባቆምኩበት ዓመት ነው። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ አስፋልቱ ዳር ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሜዳ አውድማችን ነው። ኅዳር ሲገባ በእበት ለቅልቀን በርበሬ እናሰጣበታለን። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይቀላል። ስናገላብጠው አፍንጫችንን በነጠላ ብንሸፍንም ማስነጠሱ አይቀርልንም፤ ዓይናችን ያነባል። የዓመት ልብሳችንም የጨው መግዣችንም የሚወጣው ከዚያ ሜዳ ነው።

መስከረም ላይ፣ መሬቱ ገና ሳይጠነክር፣ አንድ መሐንዲስ ከከተማው ሹም ጋር መጣ። በቆሎ ጭነው ወደ ወለጋ መገንጠያ የሚመላለሱት ተሳቢዎች ከተማው ውስጥ እንዳይቆሙ ማቆሚያ ሊሠራ ነው፤ የታየውም የእኛ ሜዳ ነው። እናቴ ዶሮ ሠርታ ጠበቀቻቸው። ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። መሐንዲሱ ጨዋታ ያውቃል። "የዚሁ አገር ሰው፣ የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ወጥ ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ አልቀመስኩም" አላት። እናቴ ደስ ብሏት ጨመረችለት።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ "አባቴ፣ እንግዲህ ለልማት ነው። ምን ይላሉ?" አለ።

"እናንተ ያላችሁት ይሁን" አለ አባቴ። "እኛ ምን እናውቃለን።"

በእኛ አገር እንግዳ እየበላ "አይሆንም" አይባልም። ከአፉ ጉርሻ እንደ መንጠቅ ነው። አባቴ ያለው፣ "አሁን ብሉ፤ መልሱን በሽማግሌ እንልካለን" ማለት ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

በማግስቱ አባቴ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ከተማ ወረደ። ሹሙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "አባቶች፣ ተስማምታችሁ የለም እንዴ? ዛሬ ደግሞ ምን አመጣችሁ?" አላቸው።

"ልጄ፣ ትናንት እኮ እንግዳ ነበራችሁ" አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

"እንግዳ ሆነን ብንሰማም ሰምተናል!" ብሎ ሳቀ። መሐንዲሱም አጠገቡ ተቀምጦ ካርታውን እያየ ዝም አለ።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ቢሆን አላወቀም እል ነበር። የፈረስ ቤት ልጅ ነው! የእሱ አባት ቤትም ያው ቃል ይነገራል። አውቆ ነው ያላወቀ የመሰለው።

አባቴ ተመልሶ ሲነግራት እናቴ፣ "ዶሮ ያበላኋቸው መስሎኝ! ለካ አውድማዬን ነው ያጎረስኳቸው!" አለች። 

ኅዳር ላይ በርበሬያችን እንደተሰጣ ግሬደር መጣ። በጆንያ፣ በነጠላ፣ በቀሚሳችን እያፈስን ሸሸን። የግሬደሩ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና፣ "እኔም ታዝዤ ነው እናቴ፤ በሉ ቶሎ በሉ" እያለ አብሮን አፈሰ። ያዳንነውን አስፋልት ዳር አሰጣነው። ነጋዴው አንዱን ዛላ ሰብሮ አሸተተና "ናፍጣ ናፍጣ ይላል" ብሎ ትቶት ሄደ። የዚያን ዓመት ችግር አልዘረዝረውም። እኔ ፍኖተ ሰላም ሰው ቤት ሥራ የገባሁት በዚያው ሰበብ ነው።

ማቆሚያውስ? ተሳቢ አልቆመበትም። ደንበኛዬ የሆነ አንድ ሾፌር ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ "ውኃ የለ፣ ሻይ የለ፣ ዘበኛ የለ! ማን ጎማውን በሌባ ሊያስፈታ ይቆማል?" አለኝ። መኪናዎቹ ዛሬም ቡሬ መሐል መንገድ ላይ ተደርድረው ያድራሉ። የእኛ ሜዳ ጠጠር ለብሶ ፍየል ይውልበታል።

መንገድ አልጠላም። የምንበላው ሾፌር ከሚከፍለን ነው፤ ከተማም ፕላን ያስፈልገዋል። ግን መሬት የሚጠየቀው ሰው ቤት ገብቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጉርሻ እየተቀበሉ ነው? ትሕትናችን ፊርማ የሆነው ማንን ጠይቆ ነው?

ነገ ለመጨረሻ ውሳኔ ይመጣሉ፤ ምሳው ደግሞ በእኔ ተራ ነው። ዛሬ ጠዋት አባቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።  ሰምቶ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦

"ልጄ፣ እኔ ያሳደግሁሽበትን ልማድ እርሺው። ነገ እምቢታሽን አስቀድሚ፤ ምሳውን ከዚያ በኋላ አቅርቢ።"