ከጥቁሩ ቋጥኝ ጎን
ወንድሞቿ ለም ለሙን መሬት ሲከፋፈሉ ለልብስ ሰፊዋ የደረሳት ድንጋያማው ተራራ ነበር። እሷ ግን ከተራራው በሚወርደው ጅረት አሸዋ ውስጥ የወርቅ ብናኝ ስላየች፣ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ሳፋና ዶማ ይዛ ወጣች።

ጅረቱን ተከትላ ሽቅብ እየወጣች አሸዋውን በሳፋው ታጥባለች። ከፍ ባለች ቁጥር ብናኙ እየወፈረ ሄደ። አንድ ጥቁር ቋጥኝ አልፋ ስታጥብ ግን ብናኙ ጨርሶ ጠፋ።

ስንቅ ሊያደርስላት የመጣው ታላቅ ወንድሟ፣ «አለቀ በቃ! አሁንስ ልብ ግዢ፣ የሰው መሳቂያ ሆንሽ እኮ» አላት።

«አላለቀም፣ ወንድም ጋሼ። ከዚህ በላይ ከሌለ፣ ወርቁ የሚመጣው ከቋጥኙ ጎን ነዋ!»

ዶማዋን አንስታ ዳገቱን ትቆፍር ጀመር። ቆሞ ማየቱ አሳፈረውና እሱም ኮቱን አውልቆ አገዛት። ከአፈሩ ሥር ነጭ ድንጋይ ብቅ አለ። በዶማው ጀርባ ስትፈረክሰው ውስጡ ቢጫ ጅማት ተጋድሞበታል። ከቀሚሷ ደረት ላይ የሰካችውን መርፌ ነቅላ ጅማቱን ጫን አለችው። እንደ ሐሰተኛው ወርቅ አልተፈረፈረም፤ ለስለስ ብሎ ተወጋላት።

ወንድሟ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «እውነትም ወርቅ ነው!» አለ፣ እንባው እየቀደመው።

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል? ተነስ እንጂ፣ ገና መጀመራችን ነው!» አለችው፣ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ እየጎተተችው፤ ሳቋም ሸለቆውን ሞላው።