ባሩድ እርጥበት አይወድም

ባዶ ቀለህ መልሶ ጥይት የሚያደርገውን ማሽን የመረጡልኝ ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ዱሮ ወታደር የነበሩ አንድ ጋሼ ናቸው። እኔ ባንድ ጊዜ ብዙ ጥይት የሚሞላውን ነበር የፈለግሁት።

«አንድ ባንድ የሚሠራውን ግዛ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ። «ደግሞ ስልክህን ኦፍ ሳታደርግ ባሩድ እንዳትነካ፣ ኦኬ?»

ሰማኋቸው። ታክሲ ሲነዳ የሚውል ሰው ጸጥ ያለ ሥራ ያምረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ሄጄ ወረቀት ላይ የምተኩሰውን ጥይት፣ ካልቨር ሲቲ በተከራየሁት ቤት ጋራዥ ውስጥ ራሴ መሙላት ጀመርኩ።

በዕቃ ነገር ነዝናዛ ነኝ። የተተኮሰውን ቀለህ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ የተሰነጠቀውን እጥላለሁ። ሚዛኑን የጣቴ ወዝ እንኳ እንዲነካው አልፈልግም። ማሽኑን ስጨርስ ጠርጌ ስስ ዘይት አስነካዋለሁ። ባሩድ ገብቶባቸው አፋቸው ላይ አረር ያልገጠምኩባቸው ቀለሆች ከቀሩ፣ ንጹሕ ጨርቅ ሳላለብስ ከጋራዡ አልወጣም። ባሩድ እርጥበት አይወድም።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ጋራዡን ስታይ አማተበች።

«ሰው በገዛ ቤቱ ሞት ያዘጋጃል?» አለችኝ።

«ወረቀት ነው የምገድለው፣ እማዬ» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማሽኑ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አየሁ። በጣም ተናደድኩ። ከባሕሩ የሚመጣው ጉም ነው ብዬ ፈግፍጌ ዘይት ቀባሁት። ባሩድ ሞልቼ ያሳደርኳቸው ቀለሆች ላይ ያለበስኩት ጨርቅ እንደተውኩት ነበር። ገልጬ ቀለሆቹን በባትሪ አየኋቸው፤ ባሩዱ ልክ ነው። አረሩን ገጥሜ ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳው ላይ የአንዱ ጥይት ድምፅ አነሰብኝ። ጆሮዬን ሸፍኛለሁ፣ ግራና ቀኝ ይተኮሳል፤ ጆሮዬን ጠረጠርኩ እንጂ ጥይቱን አልጠረጠርኩም። ለካ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ቀጣዩን ስተኩስ ጠመንጃው ግራ እጄ ላይ ፈነዳ። አውራ ጣቴና ከጎኑ ያሉት ሄዱ።

ሆስፒታል ተኝቼ ያደረግሁትን ሁሉ ደጋግሜ አሰብኩ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አጣሁት። እንዲህ ስጠነቀቅ ኖሬ እጄን በገዛ እጄ ቆረጥኩት ማለት ነው አልኩ፤ ይህ ከቁስሉ ይልቅ አመመኝ።

ቤት ስገባ ጠያቂ ሞላ። «እንኳን ነፍስህን አተረፈ»፣ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይሉኛል። ጋሼም መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እናቴ አጠገቤ ሆና ለጠያቂዎቹ ታስረዳለች።

«እኔ ሥራ እስኪሄድልኝ ጠብቄ ያን ሁሉ መርዝ ጠበል ባልረጨው ኖሮ፣ ልጄ ዛሬ አፈር ነበር። ጨርቅ አልብሶታል። ጠበል በጨርቅ ላይ ምን ይሠራል? ገልጬ፣ በየቀለሁ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ መልሼ ሸፈንኩት። ይኸው እጁን ወስዶ ነፍሱን ተወልኝ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሼ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ባሩድ ያውቃሉ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው፤ መልሰው ብርጭቋቸውን አነሱ።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት እናቴን ጠላኋት። ጩኽ ጩኽ አለኝ። ግን ፋሻዬን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። ብነግራት አገሯ በሬሳ ሳጥን ነው የምትመለሰው።

እስካሁን አልሄደችም፤ ጥዬህ አልሄድም ብላለች። ጠዋት ጠዋት ጠበሏን ይዛ አልጋዬ ዳር ትቀመጣለች። ጉንድሽ እጄን እዘረጋላታለሁ።

«አሜን በል እንጂ፤ ያዳነህን አመስግን» ትለኛለች።

አሜን እላለሁ።