ነቀምት የአዳዳ ናት

አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ፊደል አልቆጠረችም። ከትምህርት ቤት ስንገባ ግን ደብተር ሳናስቀምጥ መደቧ ላይ ሆና ትጠብቀናለች፤ አንዴ በኦሮምኛ «ሂቦ!»፣ አንዴ በአማርኛ «እንቆቅልሽ!» ትለናለች። መልሱ ከጠፋን እንደ ደንቡ አገር እንሰጣታለን።

እሷ ግን ዝም ብላ አትቀበልም። አንድ ቀን «ኡኬን ውሰጂ» አልኳት።

«ገበያዋ መቼ ይውላል?»

«እኔ እንጃ።»

«የማታውቀውን አገር እንዴት ትሰጠኛለህ?» ብላ በሳምንቱ በጭነት መኪና ኡኬ ወሰደችኝ። አባቴ ጥናቱን አስተጓጎልሽበት ብሎ ሲቆጣ፣ «መጽሐፉን መምህሩ ያስጠናው፤ ለአገሩ እኔ አለሁ» አለችው። እንዲህ እያልን የጠቅላይ ግዛታችንን ከተሞች አዳረስን። ክፍል ውስጥ ስለ አገራችሁ ተናገሩ ሲባል እኛን የሚያስቆመን ጠፋ።

የምሰጣት ያለቀብኝ ቀን የምንኖርባትን ነቀምትን ራሷን ሰጠኋት። «ታዲያ ዛሬ የት ልናድር ነው?» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። ትናንት የወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት ገብቶ፣ ደብተሩን እንደታቀፈ ባዶው መደብ ፊት ቆመ። ሄጄ ቁጭ አልኩና «እንቆቅልህ!» አልኩት። መልሱን አላወቀውም።

«አገር ስጠኝ።»

«ነቀምትን!»

«እሷን እንኳ መስጠት አትችልም» አልኩት፤ «የአዳዳ ናት።»