አያቴና የባሕሩ ከብቶች

አያቴ ብልባላ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ነበሩ፤ ባሕር አይተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ እንግዶች ይዤ እየጠለቅሁ ዓሣ አስጎበኛለሁ። ስደውልላቸው ከጤናዬ በፊት የሚጠይቁኝ “ዛሬስ ምን አየህ?” ብለው ነበር።

አንድ ቀን ከጀልባችን የምትረዝም ነጠብጣብ ያለባት ሻርክ ማየቴን ነገርኋቸው።

“የማን ናት?” አሉኝ።

“የማንም አይደለችም፣ አባባ።”

“እንዲያ ከሆነማ ደህና መሆኗን አንተ እያት” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሷ ሳይጠይቁ ስልኩን ዘግተው አያውቁም።

ባለፈው ወር አረፉ። የእህቴን መልእክት ያየሁት ከባሕር ስወጣ ነበር፤ ብልባላ የደረስሁትም ከቀብሩ በኋላ ነው።

ወደ ሥራዬ በተመለስሁ በሳምንቱ አንዲት ትልቅ ኤሊ ባሕሩ ሥር ረጋ ብላ እዚያ የበቀለውን ሣር ስትግጥ አየሁ። ጀልባው ላይ እንደወጣሁ ስልኬን አንስቼ የአያቴን ቁጥር ከፈለግሁ በኋላ ነው መሞታቸው ትዝ ያለኝ። እንደ ላም ሣር የምትግጥ ኤሊ አየሁ ብላቸው ስንቱን በጠየቁኝ ነበር። ዝም ማለት ቢከብደኝ ለጀልባ ነጂው ነገርሁት።

“ሁልጊዜም እዚያው ናት” አለኝና ሞተሩን አስነሳ።