ጉሙ የጠየቃት

ልጅ ሳለሁ፣ ጥርባ ላይ፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙም በማይርቀው ቤታችን፣ ጉም ከከብቶቹ ቀድሞ ይገባ ነበር። አመሻሹ ላይ ከሐይቁ ወገን ይነሳና የቀርከሃውን አጥር አልፎ፣ ደጁን ሞልቶ፣ በሩን ካልዘጋንበት እስከ ምድጃው ድረስ ይመጣል። ያኔ እናቴ እሳቱን ቆስቁሳ ደረቅ ቀርከሃ ትጨምርበታለች፤ አንጓው በጋለ ቁጥር ጧ ብሎ ይፈነዳል፤ እኔና እኅቴ ውባለም ደንግጠን እንተቃቀፍና እንስቃለን። ኩራዙ ከምሰሶው ላይ እየጨሰ፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ እየረዘመ፣ ተረት የሚጀመረው በዚያ ሰዓት ነበር።

ተረቱን የሚነግሩን የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ይሁኔ ነበሩ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ጥቂት ከተማሩ በኋላ አባታቸው ሲሞቱባቸው ወደ እርሻው ተመለሱ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ራታቸውን ከእኛ ጋር ይበሉ ነበር። በቤታችን የምንነጋገረው በአገውኛ ነው፤ እናቴ አማርኛን ለገበያ ያህል ካልሆነ አትደፍረውም። አያ ይሁኔ ግን ተረት የሚነግሩን በአማርኛ ነበር፤ ትምህርት ቤት ስንገባ እንዳንቸገር ብለው።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምንወደውም የምንፈራውም አንዱን ነበር። አንዲት ልጅ የጠፋች ውርንጭላ ፍለጋ ወጥታ ሐይቁ ዳር ጉም ይወርድባታል። ጉሙ አፍ አውጥቶ ይናገራል። አንድ ስንኝ ይላታል፤ በዚያው ቤት የሚመታ ስንኝ ከመለሰችለት ትንሽ ወደ ቤቷ ያስጠጋታል፤ መልስ ካጣች ግን እዚያው ያስቀራታል። የጉሙን ስንኝ አያ ይሁኔ ይሉታል፤ የልጅቱን መልስ እኛ እናመጣለን። እኛ ልበል እንጂ የምትመልሰውስ ውባለም ነበረች። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተደብቄ ማዳመጥ ነበር ሥራዬ።

አንድ ምሽት አያ ይሁኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሏት፦

«ሽው ሽው ሽው እያልኩ ስሸሽገው መንገድ፤»

ውባለም ጉልበቷን አቅፋ ትንሽ አሰበችና መለሰች፦

«ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ ቤቴ እሳቱ ሲነድ።»

አያ ይሁኔ ተረቱን አቆሙት። ደስ ሲላቸው እንዲህ ነበሩ፤ ልጅቱን ጉም ውስጥ ትተው ማስረዳት ይጀምራሉ። ጉሙ በ«ሽ» እየተሳበ እንደመጣ፣ እሷ ግን በ«ቀጥ» እንደሰበረችው፣ ለስላሳውን ድምፅ በጠንካራ መመለስ በር እንደመዝጋት ያለ መሆኑን ነገሩን። «መንገድ»ንና «ሲነድ»ን ደጋግመው አስባሉን፤ የመጨረሻው ፊደል ብቻ ቢገጥም ቤቱ እንደሚያነክስ፣ ከፊቱ ያለው ድምፅም አብሮ ሲስማማ ግን ጆሮ ራሱ «ደረስኩ» እንደሚል አስተማሩን። ስንኙን በመዳፋቸው ጉልበታቸው ላይ እየመቱ፣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የምንወስድበትን ቦታ አሳዩን። ዛሬ እንጅባራ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ስለ ግጥም ድምፅ ከማውቀው አብዛኛውን የሰማሁት ያኔ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ውባለም ሳል ያዛት። መጀመሪያ የብርድ ነው አልን። አያ ይሁኔ እንደልማዳቸው መጡ፤ ተረቱንም እሷው ጠየቀቻቸው። እናቴ ዛሬ ትተኛ ብትልም ውባለም ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ያን ምሽት ልጅቱ ወደ ቤቷ በጣም ቀርባ ነበር፤ የውሾቹን ጩኸት እስክትሰማ ድረስ። ጉሙ አንድ የመጨረሻ ስንኝ ቀረው፦

«ስምሽን ወሰድኩት፤ በምን ልጥራሽ ማታ?»

ውባለም አፏን ከፈተች፤ ሳሉ ቀደማት። አያ ይሁኔ ጠበቋት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ሳለች። ከዚያ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ፈገግ አለች።

«አግኝቼዋለሁ» አለች። «ነገ እነግርዎታለሁ።»

በማግስቱ ትኩሳቱ አነደዳት። ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ወደ እንጅባራ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ሳንባ ምች ነው ተባለ። በቃሬዛው ሲመልሷት ፊቷ ተሸፍኖ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አያ ይሁኔ ራታቸውን ይበላሉ እንጂ ተረት መናገር ተዉ። እናቴም ጉም በወረደ ቁጥር ሥራዋን ትታ በሩን ስታይ አያት ነበር። አንድ ቀን፣ እሳቱ ዙሪያ እንደተቀመጥን፣ ድንገት ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አያ ይሁኔ፣ ያችን ልጅ ከጉሙ አውጣልኝ» አለቻቸው።

የትኛዋን ልጅ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቋትም። ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እኔ የተናገርኩት ለጉሙ ነው» አሏት። «ለልጅቱ ተናግሬላት አላውቅም።»

ያኔ እኔ ከብርድ ልብሱ ወጣሁ። ውባለም ታደርግ እንደነበረው ጉልበቴን አቅፌ፣ በ«ታ» የሚያልቅ አንድ ስንኝ ገጣጥሜ መለስኩ። ምን እንዳልኩ አሁን ጠፍቶኛል፤ እናቴ ትንፋሿን ይዛ እንደጠበቀች ግን አልረሳም። አያ ይሁኔ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ።

«ቤት መቷል» አሉ። «እሷ ግን አይደለችም።»

ተማሪዎቼን ስለ ቤት አመታት ሳስተምር ያን የጉሙን ስንኝ ሰሌዳው ላይ እጽፈውና ሁለተኛውን መስመር ባዶ እተወዋለሁ። በዝምታ፣ በትዝታ፣ በሌላ ቦታ እያሉ ይሞሉታል። የትኛው ሙሉ ቤት እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያነክስ፣ «ስ» እና «ሽ» በመስመሩ ውስጥ እየተፈራረቁ እንዴት እንደሚያንሾካሽኩ አሳያቸዋለሁ። አንዷ ተማሪዬ ትክክለኛው መልስ የቱ ነው ብላ ስትጠይቀኝ ሁሉም ቤት ይመታል አልኳት። ፊቷን ሳየው ግን እንዳላሳመንኳት ገባኝ።

ባለፈው ክረምት እናቴንና አያ ይሁኔን ልጠይቅ በሚኒባስ ወደ ጥርባ ሄድኩ። አያ ይሁኔ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ አሁን ከእናቴ ጋር ነው የሚኖሩት፤ አንዳንድ ቀን ያለፈውንና ያሁኑን ይቀላቅላሉ። ስደርስ ጉሙ ደጁን ሞልቶት ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ውባለም፣ አንቺ ነሽ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክ እንደዚያ ዘመን፣ «ስምሽን ወሰድኩት፤ በምን ልጥራሽ ማታ?» አሉና ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

እናቴ ድንች ትልጥ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ። ተማሪዎቼ ካመጡልኝ መልሶች አንዱን ብል፣ በእኅቴ ድምፅ ብል፣ ሽማግሌው ያምኑኝ ነበር። እናቴም እንድል የፈለገች መሰለኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ያዝኩ። አያ ይሁኔ ይጠብቃሉ።

እናቴ ተነሳች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ጉሙ ፊት ቆማ፣ በአገውኛ፣ በሙሉ ድምጿ ተጣራች። ውባለም፣ መሽቷል፣ ነይ ግቢ፣ እሳቱ ነዷል አለች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያን ስም ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። የተናገረችው ቤት አይመታም፤ ምጣኔም የለውም። ልጅ ራት እንዲበላ እንደሚጠሩት ነው የጠራችው። ጥቂት ቆየችና አንድ ሰው ለማሳለፍ ያህል ከበሩ ገለል አለች፤ ከዚያ ዘጋችው።

«ገባች?» አሉ አያ ይሁኔ።

«ገባች» አለች እናቴ፤ ወደ ድንቿም ተመለሰች።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ እሳቱ ተጠጉ። ከዚያ ወዲህ ያን ስንኝ ሲሉት አልተሰማም። እናቴም ጉም ሲወርድ በሩን ማየቷን ትታለች፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ብቸኝነት ይሰማኛል።

ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም። ስንኙን ጽፌ ጠመኔውን ሳስቀምጥ፣ የመጀመሪያው እጅ እስኪነሳ ድረስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ያን ጸጥታ እፈራዋለሁ፣ ላሳጥረው ግን አልፈልግም። እናቴ ገብታለች ትላለች፤ እኔም አምናታለሁ። ብቻ እኅቴ በሳሏ መሃል አንድ ቃል አግኝታ ነበር፣ ፈገግ ያሰኛት ቃል፤ ምን እንደነበር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።